ወደ ከብት ሕክምና ትምህርት ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገሬ ውርጌሳ በገባሁ ጊዜ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የከብት ሐኪም ልሆን ነው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ምነው፥ ለሰው አልበቃህም እንዴ?» አሉኝ። ይህን ያሉት በክፋት አይደለም፤ እኛ ተማሪዎች በልባችን የምናስበውን እርሳቸው በአፋቸው ተናገሩት እንጂ። ከመካከላችን ብዙዎች ይህን ትምህርት የሚይዙት የሰው ሕክምና ሲያመልጣቸው ነውና። ስለዚህ ዘንድሮ የትምህርት ክፍል ለሚመርጡ የመጀመሪያ ዓመት ጓደኞቻችን፥ በየአገራቸውም ታናናሾቻቸውን ለሚመክሩ ሁሉ፥ የዚህ ትምህርት መግቢያ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ተፈታኙ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን አለበት፤ የሚፈተነውም እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪ፥ ባዮሎጂና የስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆኗል። በዚያ ዓመት ይህን ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚያው በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የእኛ የሀብሩ ወረዳ የጦር ሜዳ ሆኖ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፥ ይህ ቁጥር ተራ ቁጥር አይደለም። ከተወሰነው ነጥብ በታች ሆነው ለሪሚዲያል ትምህርት የሚመረጡ ተማሪዎችም ስላሉ፥ ጥቂት የጎደለው ሰው ወዲያው ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ሁለተኛው በር የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። ይህ ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው የትምህርት ክፍል የሚደርሰው በምርጫው፥ በውጤቱና ባለው ቦታ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የከብት ሕክምና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም፤ ስለዚህ አሳቡ ያለው ተማሪ ገና ዩኒቨርሲቲ ሲመርጥ ትምህርቱ የሚገኝበትን መርጦ መሙላት አለበት። በ1970ዎቹ መግቢያ በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቀዳሚው ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሙያ በዶክተርነት ለመመረቅ ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ግን በጎንደር፥ በጅማ፥ በሐረማያና በሌሎችም ይሰጣል፤ ለእኛ አገር ልጅ ደግሞ ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። የዓመቱ የቦታ ብዛት ስንት እንደ ሆነ ከሬጅስትራር መጠየቅ እንጂ በወሬ መሄድ አይበጅም።

«ለከብት ይህ ሁሉ ሒሳብና ኬሚስትሪ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። አንድ ምሳሌ እንይ። በኪሎ 10 ሚሊ ግራም የሚሰጥ መድኃኒት አለ እንበል። 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 2,500 ሚሊ ግራም ይሆናል። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ከያዘ 25 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ 200 ከያዘ ግን 12.5 ብቻ ነው። ጽሕፈቱን ሳያይ የሚወጋ ሰው መድኃኒቱን እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ባዮሎጂውም እንዲሁ ነው። የሰው ሐኪም የአንድ ፍጡር አካል ያጠናል፤ የከብት ሐኪም ግን የላሙን ባለ አራት ክፍል ጨጓራ፥ የፈረሱን፥ የዶሮውንና የውሻውን ሁሉ ለየብቻ ማወቅ አለበት።

ሦስተኛውን በር ግን የትኛውም ፈተና አይለካውም። ያን ቀን ሽማግሌው ከጠየቁኝ በኋላ «እንግዲያውስ ና፥ በሬዬን እይልኝ» አሉኝ። ያላቸው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ የሚያርሱትም በመቀናጆ ነው። በሬው ቆሟል፤ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እኔ ትልቁ ጨጓራ በግራ በኩል እንዳለ ተምሬአለሁ፤ የማደርገው ግን ጠፋኝ። ኋላ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ገና እጁን ሳያሳርፍ «አባባ፥ ጠዋት ምን በላ?» ብሎ ጠየቀ። «ጤዛ ያለበት እርጥብ ሣር» አሉ። ዘይት አጠጣው፤ በሬውም ከሞት ዳነ። እኔ መጽሐፉን ይዤ ጥያቄውን ረስቼ ኖሯል።

የዚህ ሙያ ክብደት በታሪካችንም ይታያል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ፈጀው፤ በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለምና ሰውም በረሃብ አለቀ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ። ከውርጌሳ ሽቅብ ባለችው በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ ስመ ጥር ውል ሲፈረም አገሪቱ በዚህ መከራ ውስጥ ነበረች። ደስታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በሰው ጥረት ከምድር ሲጠፋ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው በሽታ ነው። ለዚህም ከሀብሩ በስተምሥራቅ ያሉት የአፋር አርብቶ አደሮች ድርሻ አላቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው ክትባት በተገኘ ጊዜ፥ ከራሳቸው መካከል የሠለጠኑ ሰዎች መኪና በማይደርስበት ቆላ እየዞሩ ከብቱን ከትበዋል። ክትባቱን የሠራው ላቦራቶሪ ነው፤ ከብቱ ዘንድ ያደረሰው ግን ከብቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ያለ ነጥብ በሩ አይከፈትም። ነገር ግን በልጅነታችሁ ከብት የጠበቃችሁ፥ ያንን ዕውቀት እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥራችሁ አትደብቁት፤ መግቢያችሁ ነው። ያልጠበቃችሁም ብትሆኑ ጠይቃችሁ ተማሩ። ምርጫ ስትሞሉም የከብት ሕክምናን ከሌላው የተረፈ ቦታ አድርጋችሁ በመጨረሻው መሥመር ላይ አትጻፉት። ሽማግሌው በሬያቸው ከዳነ በኋላ «ለሰው አልበቃህም እንዴ?» ማለታቸውን ትተው «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብለውኛል።