ለፎቶ ብለን አናስደንግጣት

 

እንደ ቦሬ ባለ ደጋ አገር፣ ዛፍ ባጠላበት ኩሬ ላይ ዳክዬ ፎቶ ማንሳት ያስቸግራል፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ ምስሉ ይደበዝዛል። ታዲያ አንዳንዱ ፍላሽ ያበራል፣ ሌላው ትብረር ብሎ ድንጋይ ይወረውራል።

ወንድም እህቶቼ! መፍትሔው ሰብር ነው። የምትበር ዳክዬን አጥርቶ ለማንሳት የካሜራው መዝጊያ ለ1/1000 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚከፈተው። ላባዋን አበጥራ ጸጥ ስትል ግን 1/125 ሊበቃ ይችላል፤ ይህም 8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ክንዳችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። በስልክ ከሆነ ዳክዬዋን ስክሪኑ ላይ ንኩና ብርሃኑን ጥቂት ቀንሱ፤ ስልኩ ጥቁሩን ውሃ አይቶ ምስሉን ከልክ በላይ ያፈካዋልና። በደጋችን የምትታየው ዳክዬ ቢጫ ምንቃሯ ቀለሙን የሚጠብቀው ያኔ ነው።

ጎጆ ወይም ጫጩት ካየን ደግሞ እንራቅ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሶሓቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን በወሰዱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእናቲቱን ጭንቀት አይተው እንዲመልሱላት አዘዋል። በእኛ ፎቶ ምክንያት ልጆቿን ጥላ የምትሸሸውስ? ምስሉ ቢቀር ምን እናጣለን?

አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን።