የሳተው ምትና ቀጥሎ የሚመጣው ምት

ጎልፍ የተባለው ጨዋታ በአገራችን ብዙ የተስፋፋ አይደለም። ይሁን እንጂ ከውጭ አገር ደንበኞች ጋራ የሚጻጻፍ አስመጪ ወይም ላኪ የጨዋታውን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ በብዙ አገር ነጋዴዎች ጕዳያቸውን ከቢሮ ይልቅ በጎልፍ ሜዳ እየተመላለሱ መነጋገርን ልማድ አድርገውታልና። ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት ግን ከዚህ ይበልጣል። ይኸውም ሰው ከተሳሳተ በኋላ ልቡናውን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የሚመለከት ነው።

በትርና ኳስ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃም ደጋ፣ በቢቸና በኩል በምትገኘው በዲማ አካባቢ፣ እንደ ሌላው ደጋ አገር ሁሉ፣ የልደት በዓል ሲደርስ ወንዱ ጫፉ የቈለመመ በትር ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። በትሩም ጨዋታውም ገና ይባላል፤ ኳሷ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። ተጫዋቾቹ ለሁለት ተከፍለው ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን ዳር ለማድረስ ይሻማሉ። በግርግሩ ውስጥ በትር ቅልጥም ያገኛል፤ ቀድሞ ጌታና ሎሌ ባንድ ሜዳ ሲጫወቱ የጌታውም ቅልጥም አይማርም ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ መቆጣት እንደማይገባው የሚናገረው የታወቀ አባባል የመጣው ከዚህ ነው። አባባሉ የጨዋነት ምክር ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ነገር ግን የጨዋታ ብልሃትም አለበት። የተመታውን እግሩን እያየ የሚቆጣ ሰው ቀና ሲል ሩሯ ከሜዳው ማዶ ደርሳለች።

ጎልፍ ከገና የሚለየው ኳሱ ቆሞ የሚጠብቅ በመሆኑ ነው። የሚሻማ የለም፤ የሚገፋ የለም። ተጫዋቹ 18 ጕድጓዶችን በየተራ እየዞረ፣ ክብደቷ ከ45.93 ግራም የማትበልጠውን ኳስ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር በሆነ ጕድጓድ ውስጥ ለማስገባት ይደክማል፤ በጥቂት ምት የጨረሰም ያሸንፋል። አንድ ዙር ለመጨረስ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አሁን አንባቢ እንደ ነጋዴ ሒሳቡን ያስላ። አንድ ተጫዋች በዙሩ 80 ጊዜ ቢመታና እያንዳንዱ ምት 2 ሴኮንድ ቢወስድበት፣ የመታበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ 3 ደቂቃ አይሞላም። የቀረው ሰዓት ሁሉ የመራመድና የማሰብ ነው። በገና ሜዳ ሰው ለማዘን ጊዜ የለውም፤ በጎልፍ ሜዳ ግን ያለፈውን ስሕተት እያመላለሰ እስከሚቀጥለው ምት ድረስ ራሱን ሊያቃጥል የሚበቃ ጊዜ አለው።

የተቆጣ ሰው በትሩን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ትከሻው ይደርቃል፤ ምቱን ያቻኵላል። ከዚህም የከፋው፣ ያጣውን ባንድ ጊዜ ለማስመለስ ሲል ቀላሉን መንገድ ትቶ አስቸጋሪውን ይመርጣል። አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ ይህን በብዙ ኀፍረት ተምሮታል። በ1921 (በዚህ ጽሑፍ ያለው የጎልፍ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በስኮትላንድ በቅዱስ እንድርያስ ሜዳ ሲወዳደር ዕድሜው 19 ነበር። በሦስተኛው ዙር ኳሱ ከአሸዋ ጕድጓድ አልወጣ ስላለው ተናዶ ውድድሩን አቋረጠ። ተሰጥዎው የማይጠረጠር ነበር፤ የጐደለው ትዕግሥት ነው። በ1927 ወደዚያው ሜዳ ተመልሶ ዋንጫውን ወሰደ። በ1930 ደግሞ በዘመኑ ታላላቅ የተባሉትን አራቱን ውድድሮች ባንድ ዓመት አሸነፈ። የከተማው ሕዝብም በ1958 የክብር ዜግነት ሰጠው።

ቍጣ ብቻ ሳይሆን የድል መቃረብም ልብ ያሳውራል። በ1999 ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ በስኮትላንድ በካርኑስቲ ሜዳ የመጨረሻው ጕድጓድ ላይ ሲደርስ ተከታዮቹን በ3 ምት ይመራ ነበር። ያን ጕድጓድ በ6 ምት ቢጨርስ ዋንጫው የእርሱ ነው። ኳሱን በአጫጭር ምት እየገፋ መሄድ ይበቃው ነበር፤ እርሱ ግን በሩቅ ምት በክብር መጨረስን መረጠ። ሁለተኛው ምቱ ከተመልካቾች መቀመጫ ብረት ጋራ ተጋጭታ ወደ ረዥም ሣር ተመለሰች፤ ሦስተኛዋ ወንዝ ውስጥ ገባች። ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ ሲቆም ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። በ7 ምት ጨርሶ ከሌሎች ሁለት ጋራ እኩል ሆነ፤ በመለያውም በስኮትላንዳዊው ፖል ሎሪ ተሸነፈ። ብዙዎች ዕድሉን ይኰንናሉ። የብረቱ ነገር በርግጥ ዕድል ነው፤ ወደ ብረቱ የሚያደርሰውን ምት መምረጥ ግን የዕድል ሥራ አይደለም።

መድኀኒቱ ምንድን ነው ቢባል፣ አሠልጣኞች የሚያስተምሩት ቀላል ነገር ነው። ተጫዋቹ ከያንዳንዱ ምት በፊት የማይለወጥ ሥርዐት ይኑረው፤ ከኳሱ ኋላ ቆሞ የሚደርስበትን ስፍራ ይይ፣ ይተንፍስ፣ በትሩን አንድ ጊዜ በባዶ ያወዛውዝ፣ ከዚያ ይምታ። ለሳተው ምት ማዘን አልተከለከለም፤ ግን ወሰን ይደረግለት፤ ጥቂት እርምጃ እስኪራመድ ይዘን፣ ከዚያ ይተወው።

ለዲማ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የተማሩባት፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ስሟን ያስታወቋት ዲማ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ይሄድና ያለ ብራናና ያለ ቀለም በልቡ ብቻ ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ ዓይነት ነው። የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል። መምህሩ ቢያርመው ወይም ጨርሶ ቢጥልበት ጕንጩ በኀፍረት ይቀላ ይሆናል፤ ቢሆንም በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። በትናንቱ ሲቆጭ የዋለ ተማሪ ለዛሬ የሚናገረው አይኖረውም።

ወደ ሱቅ እንመለስ። አንድ የእህል ነጋዴ በመኸር ወራት 50 ኵንታል ጤፍ ሸጠ እንበል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋጋው በኵንታል 300 ብር ጨመረ። ያልገባለት ትርፍ 15,000 ብር ነው። ይህን አይቶ የማያዝን ነጋዴ አለ ማለት ሐሰት ነው። አሁን ግን ያን 15,000 ለማስመለስ ሲል ተበድሮ 100 ኵንታል በተወደደው ዋጋ ገዛ፤ ዋጋውም በኵንታል 400 ብር ወረደ። የጠፋው 40,000 ብር ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ያልገባ ትርፍ ሳይሆን ከእጅ የወጣ ገንዘብ ነው፤ ያውም ወለድ የሚከፈልበት። ሁለተኛውን ግዢ የፈጸመው የገበያውን ዋጋ አይቶ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ቍጭት አይቶ ነው። መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ በዚህ ይጠቀማል። የዕለቱን ኪሳራ በዕለቱ ገጽ ጽፎ ይደምራል፤ ገጹንም ይዘጋል፤ የነገውን ግዢ በነገው ዋጋ ብቻ ይመረምራል። ኪሳራውን ሳይጽፍ በሆዱ የያዘው ግን በየግዢው ላይ ሳያውቀው ይጨምረዋል።

በጎልፍም መዝገብ አለ። የተጫዋቹን ምት የሚጽፍለት ባልንጀራው ሲሆን፣ ተጫዋቹ መርምሮ ይፈርምበታል። በ1968 በአሜሪካ በኦጋስታ ሜዳ አርጀንቲናዊው ሮቤርቶ ደ ቪሴንዞ በ45ኛ የልደት ቀኑ ድንቅ ጨዋታ ተጫወተ። በ17ኛው ጕድጓድ የመታው 3 ጊዜ ሲሆን ባልንጀራው ተሳስቶ 4 ብሎ ጻፈለት። ደ ቪሴንዞ በመጨረሻው ጕድጓድ ላይ አንድ ምት አበላሽቶ ስለ ነበር፣ ልቡ በዚያ ተይዞ ካርዱን ሳይመረምር ፈረመ። ሕጉ ደግሞ ከእውነተኛው በልጦ የተፈረመ ቍጥር እንዳለ ይጸናል ይላል። 65 የነበረው ድምር 66 ሆኖ ቀረ። ከቦብ ጎልቢ ጋራ እኩል ሆኖ በማግሥቱ ለመለያ ይጫወት የነበረው ሰው በአንድ ምት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ካርዱን የጻፈውን ባልንጀራውን ግን አልወቀሰም፤ ሳይመረምር የፈረመው ራሱ እንደ ሆነ ተናግሮ ለጎልቢ ደስታውን ገለጠ።