ዝም የሚባልበትና የሚነገርበት ጊዜ

በመከራ ዘመን ሰው ሁሉ አንደበቱን ይቈጥባል። ዝምታ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የትሕትና፥ ሁለተኛው የፍርሃት ነው። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፥ ፈርቶ ዝም ያለ ካህን ትሑት ነኝ ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል።

መጥምቁ ዮሐንስ ሄሮድስን የወንድሙን ሚስት ስላገባ ገሠጸው፤ ስለዚህም አንገቱ ተቈረጠ። ጌታችን ግን በዚያው በሄሮድስ ፊት ቆሞ አንዲት ቃል አልመለሰም። ይህ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ዮሐንስ የተናገረው ሕግ ስለ ፈረሰ ነው፤ ጌታችን ዝም ያለው ሄሮድስ ተአምር ለማየት እንጂ እውነትን ለማወቅ ስላልጠየቀው ነው። ሊቀ ካህናቱ ክርስቶስነቱን በጠየቀው ጊዜ ግን፥ መልሱ ለሞት እንደሚያደርሰው እያወቀ መለሰለት። እንግዲህ ስለ ራስ ክብር ዝም ማለት፥ ስለ እውነት መናገር ይገባል።

ይህንም በአገራችን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ፈጽመውታል። ፋሽስት ኢጣልያ አርበኞችን እንዲያወግዙ በጠየቃቸው ጊዜ እንቢ አሉ፤ ሕዝቡም ለወራሪ እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ዝም ቢሉ ምናልባት ጥቂት ዓመት በኖሩ ነበር፤ ሞት ግን አይቀርም ነበር።

ሞቱን ዕለት ዕለት የሚያስብ ሰው አፉን የሚያዘጋው ሌላ ፍርሃት የለበትም። ስለዚህ፥ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ ዝም ከማለታችን በፊት፥ ከመናገራችንም በፊት፥ ይህን የማደርገው ስለ ማን ብዬ ነው? ብለን ራሳችንን እንመርምር። ለዚህ የሚያበቃ ልቡና እግዚአብሔር ይስጠን። አሜን።