በአክሲዮን የሚከፈል ደመወዝ፦ የአማራጭ መብትና የተገደበ አክሲዮን ወጪ አመዘጋገብ

አንድ ኩባንያ ለሠራተኛው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ የራሱን አክሲዮን፣ ወይም አክሲዮኑን ወደፊት በዛሬ ዋጋ የመግዛት መብት ሲሰጥ፣ ከካዝናው የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ በመዝገቡም ላይ ዕዳ አይጨመርም። ታዲያ በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ወጪ ተብሎ የሚጻፈው ምኑ ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የአሜሪካን የሒሳብ ባለሙያዎች ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱንም ሳይቀር ድምፅ አሰጥቷል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የሚመዘገበው ወጪ ሠራተኛው የሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ ነው፤ አክሲዮኑ የክፍያው መንገድ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት በሚገባ ካልተያዘ፣ ወጪው መቼ እንደሚሰረዝና መቼ እንደማይሰረዝ የሚወስኑት ደንቦች እርስ በርሳቸው የሚጣረሱ ይመስላሉ።

በቅድሚያ ሁለቱን የክፍያ ዓይነቶች እንለይ። በተለምዶ «ስቶክ ኦፕሽን» የሚባለው የአክሲዮን መግዣ አማራጭ መብት፣ ሠራተኛው የተወሰነ ዘመን ካገለገለ በኋላ አክሲዮኑን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ እንዲገዛ የሚፈቅድ ነው። የገበያው ዋጋ ከፍ ካለ ይገዛል፤ ዝቅ ካለ መብቱን ይተወዋል። የተገደበ አክሲዮን ግን ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሠራተኛው ከተወሰነው ጊዜ በፊት ሥራውን ቢለቅ አክሲዮኑ ለኩባንያው ይመለሳል። የአክሲዮኑ ዋጋ ቢወርድ አማራጩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ የተገደበው አክሲዮን ግን ሁልጊዜ የሆነ ዋጋ ይኖረዋል።

ከዜሮ ወጪ ወደ ፍትሐዊ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ የሒሳብ መርሆዎች ቦርድ ያወጣው 25ኛው ውሳኔ አማራጭ መብትን በ«ውስጣዊ ዋጋው» እንዲመዘን አዘዘ። ውስጣዊ ዋጋ ማለት መብቱ በተሰጠበት ቀን በገበያው ዋጋና በመግዣው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። መዘዙን መገመት አያዳግትም። ኩባንያዎች የመግዣውን ዋጋ ከዕለቱ የገበያ ዋጋ ጋር እኩል አደረጉት፤ ልዩነቱ ዜሮ ሆነ፤ ወጪውም ዜሮ። በዚያው ደንብ መሠረት የተገደበ አክሲዮን ሙሉ ዋጋው በወጪነት ይያዝ ነበር። ስለዚህ ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ጥቅም ከሚሰጡ ሁለት ክፍያዎች አንዱ ትርፍን ይቀንሳል፤ ሌላው ጨርሶ አይነካም። አማራጭ መብት በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ ይህን ያህል የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው የደንብ አድልዎ እንደነበር ለመናገር የሚያስደፍር ይመስለኛል።

ተተኪው የፋይናንስ ሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1993 አማራጮች በፍትሐዊ ዋጋቸው እንዲመዘገቡ የሚያዝ ረቂቅ ሲያወጣ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው። በቀጣዩ ዓመት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ረቂቁን የሚቃወም፣ አስገዳጅነት የሌለው ውሳኔ በ88 ድምፅ ለ9 አሳለፈ። ቦርዱም አፈገፈገ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው 123ኛው ደረጃ ፍትሐዊ ዋጋን የሚያበረታታ ቢሆንም፣ የወጪው መጠን በማብራሪያ ገጾች ላይ እስከተገለጸ ድረስ በአሮጌው ስልት መቀጠልን ፈቀደ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች አሮጌውን መረጡ። ነገሩ የተለወጠው በኤንሮንና በወርልድኮም ውድቀት የሒሳብ መግለጫዎች ተአማኒነት ከተናጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮካ ኮላ በፈቃዱ አማራጮችን በወጪነት እንደሚመዘግብ አስታወቀ፤ በየካቲት 2004 ዓለም አቀፉ ቦርድ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 2ን አወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካም የተሻሻለውን 123ኛ ደረጃ አስገዳጅ አደረገች።

ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያዎች «ገንዘብ አልወጣም» የሚለው ደካማው ነው፤ የሕንፃ እርጅናም በዓመቱ ገንዘብ አያስወጣም፤ ወጪነቱን ግን የሚክድ የለም። ጠንካራው መከራከሪያ የድርብ ቆጠራ ነው። አማራጩ የአክሲዮኖችን ብዛት በመጨመር የእያንዳንዱን አክሲዮን ትርፍ አስቀድሞ ቀንሶታል፤ ከዚህ በላይ ትርፉን ራሱን መቀነስ አንዱን ጉዳት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው ይላል። መልሱ በአንድ ንጽጽር ይገኛል። ኩባንያው ያንኑ አክሲዮን ለሌላ ሰው ሸጦ ባገኘው ገንዘብ ደመወዝ ቢከፍል ኖሮ፣ የአክሲዮኖቹም ቁጥር ይጨምር፣ ደመወዙም ወጪ ይሆን ነበር፤ ይህን ድርብ ቆጠራ የሚለው የለም። በአማራጭ መብት ጊዜ የሆነው ሁለቱ ድርጊቶች ወደ አንድ መታጠፋቸው ብቻ ነው።

የቁጥር ምሳሌ

አንድ ምናባዊ ኩባንያ ለ10 ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 አማራጭ መብቶችን ሰጠ እንበል። በዕለቱ የአክሲዮኑ ዋጋ 50 ዶላር፣ የመግዣው ዋጋም 50 ዶላር ነው፤ መብቱ የሚጸናው ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። በዋጋ መተመኛ ቀመር የአንዱ አማራጭ ፍትሐዊ ዋጋ 15 ዶላር ሆነ። በአሮጌው ስልት ወጪው ዜሮ ነው። በአዲሱ 10,000 በ15 ሲባዛ 150,000 ዶላር ይሆናል፤ ይህም በሦስቱ የአገልግሎት ዓመታት ይከፋፈላል። በመጀመሪያው ዓመት 50,000 ዶላር የደመወዝ ወጪ ዴቢት፣ በባለአክሲዮኖች ካፒታል ውስጥ ያለ የመጠባበቂያ ሒሳብ ደግሞ በዚያው መጠን ክሬዲት ይደረጋል። የካፒታሉ ጠቅላላ ድምር አይለወጥም፤ በአንድ በኩል በወጪ የቀነሰው በሌላ በኩል በመጠባበቂያ ይመለሳልና። የሚለወጠው የተገለጸው ትርፍ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ሠራተኞች ለቀቁ፤ ሌላ ይለቃል ተብሎም አይጠበቅም። የሚጸኑት 8,000 ስለሆኑ ጠቅላላው ወጪ ወደ 120,000 ይወርዳል። እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ መመዝገብ ያለበት ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 80,000 ነው፤ ከዚህ 50,000 ቀድሞ ስለተመዘገበ የዓመቱ ወጪ 30,000 ይሆናል። ሦስተኛው ዓመት 40,000 ይሸከማል። በዓለም አቀፉ ደረጃ የሚለቁትን ሠራተኞች ቁጥር አስቀድሞ መገመት ግዴታ ሲሆን፣ የአሜሪካው ደንብ ከ2016 ማሻሻያ ወዲህ ሠራተኛው ሲለቅ ብቻ ማስተካከልንም ይፈቅዳል።

አሁን ተማሪዎችን ዘወትር ወደሚያደናግረው ነጥብ እንምጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ 40 ዶላር ሆኖ ቀረ፤ ስምንቱ ሠራተኞች መብታቸውን ሳይጠቀሙ ጊዜው አለፈ። የተመዘገበው 120,000 ዶላር ወጪ ይሰረዛልን? አይሰረዝም። የለቀቁት የሁለቱ ሠራተኞች 30,000 ግን ተቀንሷል። በሁለቱም ጊዜ ሠራተኛው ምንም ሳያገኝ መቅረቱ እርግጥ ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው አገልግሎቱን ስንመለከት ነው። የለቀቁት ቃል የተገባውን አገልግሎት አልፈጸሙም፤ ስምንቱ ግን ፈጽመዋል። ኩባንያው ሥራቸውን ተቀብሎ ተጠቅሞበታል፤ የከፈለበት ሎተሪ ባዶ ሆኖ መውጣቱ የተቀበለውን ሥራ አያስቀረውም።

ዋጋው 80 ዶላር ቢደርስስ? ሠራተኞቹ 400,000 ዶላር ከፍለው 640,000 ዶላር የሚያወጡ አክሲዮኖችን ይወስዳሉ፤ ነባር ባለአክሲዮኖች የተዉት ጥቅም 240,000 ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው ወጪ ግን 120,000 ሆኖ ይቀራል። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። የመብቱ ዋጋ በተሰጠበት ዕለት ተቆርጧል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍና ኪሳራ በባለአክሲዮንና በባለመብት መካከል የሚዘዋወር እንጂ የኩባንያው አይደለም የሚለው የደንቡ መልስ ለእኔ አሳማኝ ነው። ክፍያው በአክሲዮን ሳይሆን የዋጋው ጭማሪ ተሰልቶ በጥሬ ገንዘብ የሚፈጸም ከሆነ ግን ግዴታው ዕዳ ስለሚሆን በየሪፖርቱ ቀን እንደገና ይተመናል፤ የ240,000 ዶላሩ ጫና በሙሉ በወጪነት ይታያል።

ይኸው ኩባንያ በ10,000 አማራጮች ፈንታ 3,000 የተገደቡ አክሲዮኖችን ቢሰጥ፣ 3,000 በ50 ሲባዛ ያው 150,000 ዶላር ነው። ሁለት ሠራተኞች ሲለቁ የሚቀሩት 2,400 አክሲዮኖች ወጪያቸው 120,000 ይሆናል። የዓመት በዓመቱ ምዝገባ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀመርም አያስፈልግም። ዋጋው ወደ 40 ቢወርድ ሠራተኞቹ 96,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን በእጃቸው ይቀራል፤ ወደ 80 ቢወጣ 192,000። አድልዎው ሲነሳ ምርጫው በጥቅሙ ብቻ መመዘን ጀመረ። ማይክሮሶፍት ገና እ.ኤ.አ. በ2003 አማራጭ መስጠትን ትቶ ወደ አክሲዮን ስጦታ መዞሩን አስታውቋል።

የዋጋ ግብና የትርፍ ግብ

መብቱ እንዲጸና ከአገልግሎት ሌላ ተጨማሪ ግብ ሲቀመጥ ነገሩ ይወሳሰባል። ግቡ የኩባንያው ትርፍ ከሆነና ካልተሳካ ወጪው ይሰረዛል። ግቡ የአክሲዮኑ የገበያ ዋጋ ከሆነ ግን ላይሳካ የሚችልበት ዕድል በመጀመሪያው ቀን በፍትሐዊ ዋጋው ውስጥ ተካትቶ ዋጋውን ዝቅ አድርጎታል፤ ስለዚህ ሠራተኛው አገልግሎቱን እስከፈጸመ ድረስ ግቡ ባይሳካም ወጪው አይሰረዝም። የደንቡ ፍልስፍና እዚህ ላይ ትንሽ ይላላል፤ ሁለቱ ግቦች ከሠራተኛው አንጻር ብዙም የማይለያዩ ናቸውና።

በየዓመቱ ሩብ ሩብ እየሆነ በአራት ዓመት የሚጸና መብት ሌላው የልዩነት ቦታ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ እያንዳንዱን ሩብ ራሱን እንደቻለ ስጦታ ይቆጥረዋል። የሁሉም ሩቦች ፍትሐዊ ዋጋ እኩል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት የሚሸከመው የመጀመሪያውን ሩብ ሙሉውን፣ የሁለተኛውን ግማሽ፣ የሦስተኛውን ሲሶና የአራተኛውን ሩብ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ወጪ 52 በመቶ ገደማ ይሆናል። የአሜሪካው ደንብ የአገልግሎት ቅድመ ሁኔታ ብቻ ላለበት ስጦታ 25 በመቶ ብቻ መመዝገብን ይፈቅዳል። የሁለት ኩባንያዎችን የመጀመሪያ ዓመት ትርፍ የሚያነጻጽር ተመራማሪ ይህን ቢዘነጋ ከባድ ስሕተት ላይ ይወድቃል።

ዋጋ በሌለው ገበያ

ጉዳዩ የኢትዮጵያን አክሲዮን ማኅበራትም ይመለከታል። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን ደረጃ በአገሪቱ ሥራ ላይ ስላዋለ፣ ለሠራተኞቹ አክሲዮን በክፍያ መልክ የሚሰጥ አንድ ባንክ ወይም የመድን ድርጅት በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 2 ይገዛል። ችግሩ የመጀመሪያው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የብላክና ሾልስ ቀመር የዕለቱን ዋጋና የዋጋውን መዋዠቅ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ በገበያው ያልተመዘገበ ማኅበር አክሲዮን በየዕለቱ የሚታይ ዋጋ የለውም። ደረጃው በመጀመሪያ የሚመክረው የተመሳሳይ ተገበያይ ኩባንያዎችን የዋጋ መዋዠቅ መዋስ ነው። እንዲህም ሆኖ አስተማማኝ ግምት ካልተገኘ፣ ይህም በጣም አልፎ አልፎ ብቻ የሚፈቀድ ነው፣ የተተወው ውስጣዊ ዋጋ ተመልሶ ይመጣል፤ ግን እንደ 1972ቱ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ተለክቶ የሚቆም አይደለም። መብቱ ሥራ ላይ እስኪውል ወይም እስኪያበቃ በየሪፖርቱ ቀን እንደገና ይለካል፤ ለውጡም በትርፍና ኪሳራ ይያዛል። በዚህ ስልት አማራጩ ጥቅም ላይ ሳይውል ጊዜው ቢያልፍ የተመዘገበው ወጪ ይሰረዛል፤ ከላይ በስምንቱ ሠራተኞች ካየነው ፍጹም ተቃራኒ ማለት ነው። የማኅበሩ ሒሳብ ሹም ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው እንደሄደና ለምን ፍትሐዊውን ዋጋ መገመት እንዳልቻለ በማብራሪያው ገጽ ላይ መግለጽ ይኖርበታል፤ ኦዲተሩም የመጀመሪያውን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት እዚያ ገጽ ላይ ነው።