መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው ድንጋጤ

ጥያቄ፦ አማራ ክልል ዘመሮ ከተማ ሆኜ በኦንላይን ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አጣለሁ። ላቋርጥ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አታቋርጪ፣ ልጄ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ይህን ያየ ተማሪ መስመር ሲቋረጥ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

እንደሚመስለኝ የሚያደክምሽ ትምህርቱ ሳይሆን ኔትወርክ መጠበቁ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂው። ቪዲዮውን ረከስ በሚለው የሌሊት ጥቅል፣ በዝቅተኛ ጥራት አውርጂ፤ ቀን ዳታውን ዘግተሽ አጥኚ። ቴሌግራም ፋይሎችን በራሱ ማውረዱንም አጥፊው (ጥቅሉን ሳናውቀው የሚጨርሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው)። የቤት ሥራ ለመጨረሻው ሰዓት አታቆዪ።

ከሁሉ በፊት ግን ለመምህርሽ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፦ የት እንዳለሽ፣ መስመሩ መቼ መቼ እንደሚጠፋ፣ ፈተና መሃል ቢቋረጥ ምን ማድረግ እንዳለብሽም ጠይቂያቸው። ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ሰበብ ይመስላል፤ ቀድሞ የተነገረ ግን ይታመናል።

ልብሽ ሲመታ ትንፋሽሽን ከምትስቢው በላይ አርዝመሽ አስወጪ። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።