ሞዴል ለምትሠራ ልጄ

ልጄ፣ የሴልን ሥራ በቀመር ገልጸሽ በኮምፒውተር ለማስኬድ መነሳትሽ ደስ ያሰኘኛል። ትጋትሽን አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» የምትዪው ነገር ነው። ባንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ሞዴል ገና አላለቀም።

፩. እያንዳንዱን ቁጥር ከነመለኪያውና ከነምንጩ ጻፊ። ማይክሮሞላርና ሚሊሞላር በሺህ እጥፍ ይለያያሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን አይከራከርሽም፣ የተሳሳተውንም ተቀብሎ ያማረ ግራፍ ያወጣልሻል። ራስሽ ለክተሽው ከሆነ በየትኛው የሴል ዓይነትና በምን ያህል ሙቀት እንደለካሽው መዝግቢ። ገምተሽው ከሆነም «ግምት» ብለሽ ጻፊ። መገመት ነውር የለውም፤ ነውሩ ግምትን እንደ ልኬት ማሳለፍ ነው።

፪. የታተመው ጽሑፍ ይበቃል አትበይ፤ ያስኬድሽውን ፋይል ራሱን ስጪ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት 455 የታተሙ ሞዴሎችን በጽሑፎቹ ላይ ባለው መረጃ ደግሞ ለመሥራት ሞክሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ እንቢ አሉ። አጥኚዎቹ ራሳቸው እያረሙና ደራሲዎቹን እየጠየቁ ከጠቅላላው 12 በመቶውን ቢያድኑም 37 በመቶው እስከ መጨረሻው አልተሳካም። ምክንያቱ የረቀቀ አይደለም፤ ያልተጻፈ ፓራሜትር፣ የተረሳ መነሻ መጠን፣ እርስ በርሱ የማይስማማ ቀመር። እነዚያን ሞዴሎች የሠሩት ሰነፎች እንዳይመስሉሽ። ነገሩ በጭንቅላታቸው ስለነበረ በወረቀቱም ላይ ያለ መሰላቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

፫. ብዙ ሶፍትዌር በሚያነበው ቅርጽ አስቀምጪው። ኤስቢኤምኤል የተባለው የፋይል ቅርጽ ከ2001 ጀምሮ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው፤ ኮፓሲ የተባለው ሶፍትዌርም ሌሎችም ይከፍቱታል። ሶፍትዌር ሲወደድና ሲረሳ ብዙ ስላየሁ ሥራሽን ባንዱ ላይ ብቻ እንድታስሪው አልፈቅድልሽም። ከዚያ ባዮሞዴልስ ወደተባለው ነፃ ማከማቻ አስገቢው።

፬. የጂን ዝርዝር በኤክሴል ስትከፍቺ ተጠንቀቂ። ሴፕት2 የተባለውን ጂን ቀን መስሎት ሴፕቴምበር 2 ያደርገዋል። ስሕተቱ በታተሙ ሥራዎች ውስጥ እጅግ ስለበዛ፣ በ2020 የጂን ስያሜ ኮሚቴው ስሙን ሴፕቲን2 ብሎ እስከ መቀየር ደርሷል። የድሮ ፋይሎች ግን እንዳሉ ናቸው።

፭. ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብለሽ ዳታሽን አትደብቂ። የሰውን ጂኖም ያነበቡት ቡድኖች በ1996 ቤርሙዳ ላይ ተሰብስበው ያገኙትን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ሊለቁ ተስማሙ፤ ያ ሥራ ያፈራው በዚህ ነው። የታካሚዎች ዳታ ከሆነ ግን ያለ ፈቃዳቸው አንድ መስመር እንኳ እንዳታወጪ። እዚህ ላይ አልለሳለስም።

፮. ከመላክሽ በፊት ፋይሉን ሥራሽን ለማያውቅ የላብራቶሪ ባልደረባ ስጪውና ዝም በዪ። የጠየቀሽ ጥያቄ ሁሉ ያልጻፍሽው ነገር ነው። መልሱን በፋይሉ ውስጥ ጽፈሽ ጨርሺ፤ ለመጽሔቱ የምትልኪው ከዚያ በኋላ ነው።