ግርግሙ የሚናገረው

በሰሜን ምዕራብ ሶርያ፣ ከሐለብ ወዲያ ባሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብቶች ላይ፣ ጣሪያቸው የረገፈ፣ ግድግዳቸው ግን የቆመ በመቶ የሚቆጠሩ ባድማዎች አሉ። በተለምዶ «የሞቱ ከተሞች» ይባላሉ፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ቤተ መንግሥትም፣ ቲያትርም፣ ዙሪያቸውን የሚጠብቅ ቅጥርም የላቸውም። ከ1ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (ዘመኑ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) የተሠሩ፣ ገበሬ አርሶ፣ ወልዶ የኖረባቸው መንደሮች ናቸው።

የጥንት ጸሐፊ የሚከተለው ንጉሡን ስለሆነ የገበሬ ኑሮ እምብዛም አልተጻፈም። እዚህ ግን ድንጋዩ ይነበባል።

ጆርጅ ቻሌንኮ የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ ባሳተመው ጥናት በየመንደሩ ብዙ የወይራ መጭመቂያ እንዳለ አሳየ። ሕዝቡ ወይራ እያለማ ዘይቱን በአንጾኪያ በኩል ወደ ባሕር ማዶ ይሸጥ ነበር፤ ንግዱ ሲቋረጥ መንደሮቹ ባዶ ቀሩ ሲልም ደመደመ። በኋላ የመጣው ጆርጅ ታት ግን ዓይኑን ወደ ምድር ቤቶቹ መለሰ። ሰዉ የሚኖረው ፎቁ ላይ ነበር፤ ከታች ባሉት ክፍሎች ከድንጋይ የተጠረቡ ግርግሞች ተደርድረዋል። ግርግም ካለ ከብት አለ፤ ከብት ካለ ደግሞ መኖ ያስፈልጋል። ወይራ ብቻ የሚለቅም ሰው ይህን ሁሉ በረት ምን ያደርግለታል? ገበሬው እህሉንም፣ ወይኑንም፣ ከብቱንም ከወይራው ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር ማለት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው፤ በዝናብ የሚኖር ሰው አንዱ ሲከዳው ሌላው እንዲያኖረው ያስባልና።

ኑሮውም የችጋር አልነበረም። ሰርጂላ በምትባለው መንደር በ473 የተሠራ መታጠቢያ ቤት አለ። የገበሬ ቤት ጉበንና መቃን እንኳ በቅርጽ ያጌጠ ነው፤ ለጠራቢ የሚከፈል ትርፍ ነበረ። ስንክሳራችን የሚያወሳው ስምዖን ዘዓምድ በምሰሶው ላይ የጸናው በእነዚሁ ኮረብቶች ነው፤ ተሳላሚው ሲበዛ በሥሩ ያለችው መንደር የእንግዳ ማረፊያ እየሠራች አደገች።

መንደሮቹ ባድማ የሆኑት በአንድ ሌሊት አይደለም። ከ6ኛው መቶ አጋማሽ በኋላ አዲስ ቤት መሥራት እየቀረ ሄደ፤ ሰዉ ከ8ኛው እስከ 10ኛው መቶ ቀስ በቀስ ለቀቀ።

ዩኔስኮ በ2011 ከመንደሮቹ የተወሰኑትን በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው፤ በ2013 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ አገባቸው። በሶርያው የእርስ በርስ ጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በግድግዳዎቹ መካከል ድንኳን ተክለው ተጠለሉ፤ በጎቻቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ።